አላውቃትም ያልኩበት አውቶቡስ

የአውቶቡሱ በር ሲከፈት ሽታው ቀድሞ ወጣ። የሞቀ ፕላስቲክ፣ በላብ የራሰ ጨርቅና የዘይት ሽቶ ተቀላቅሎ የሚሸተውን ሽታ በዚህ ዐረብ አገር የሕዝብ አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ልጄን ታቅፌ በሩ ላይ ቆምኩ። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ «ያላ፣ ያላ!» እያለ ያጣድፈኛል፤ እግሬ ግን እሺ አላለኝም። ልጄ ጉንጬን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ «አባ፣ ግባ እንጂ» አለችኝ። ገባሁ። ከአጅማን ሻርጃ እስክንደርስ ዓይኔን ከበሩ ላይ አላነሳሁም።

ልጆቼን በጥብቅ ነው የማሳድገው። ብርጭቆ የሰበረውን ይቅር እላለሁ፤ ሰብሮ «እኔ አይደለሁም» ያለኝን ግን አልምርም። ባለቤቴ «ገና ሕፃናት ናቸው፣ ምን አለበት?» ትለኛለች። አለበት እላለሁ። ይህን ያህል የሚቆጣ ሰው ግን በራሱ ላይ የሚያውቀውን ሸሽጎ ከኖረ ቁጣው ዋጋ የለውም። ስለዚህ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ በመጀመሪያው የአውቶቡስ ጉዞዬ ያደረግሁትን እጽፋለሁ።

ጊዜው አገራችን ሴቶችን ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዐረብ አገር መላክ ያገደችበት ነበር። የምንኖረው አጅማን ውስጥ አል ጁርፍ ከሚባለው ሰፈር፣ ከመኪና ጋራዦቹ ጀርባ፣ በአንዲት ክፍል ነው። አባቴ ዱባይ ኢንቨስትመንት ፓርክ የመጋዘን ሠራተኛ ነበር። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ከካምፓኒው ካምፕ እያደረ ለጁምዓ፣ ለዓርብ እረፍት፣ ብቻ ይመጣል። እናቴ በሰዓት ሒሳብ የሰው ቤት ታጸዳለች። ክፍላችን በመጋረጃ ለሁለት ተከፍላ፣ በወዲያኛው በኩል ወርቄ የምትባል ሴት ቢድ ስፔስ የሚሉትን፣ የአንድ አልጋ ቦታ ብቻ፣ ተከራይታ ትኖር ነበር። ወርቄ በዚህ አገር አሥር ዓመት የቆየች፣ የማታውቀው ወሬ የሌለ፣ ሳቋ ከመጋረጃው በላይ የሚሰማ ሴት ነበረች።

ያን ዓመት ትምህርት ቤት ቦታ አልተገኘልኝም። ከጠዋት እስከ ማታ በር ተቆልፎብኝ እውላለሁ። ከመድኃኒት ካርቶን፣ ከሩዝ ከረጢት፣ በመስኮት ከሚታየኝ የጋራዥ ሰሌዳ ላይ የእንግሊዝኛውንም የዐረብኛውንም ፊደል ለቃቀምኩ። አስተማሪ አልነበረኝም፤ ከዚያ በኋላም ብዙ አስተማሪ አላገኘሁም። ቤት ውስጥ ግን «አዋቂው» ይሉኝ ነበርና በጣም ኮራሁ።

ትልልቆቹ ስለ እገዳው ሲያወሩ ከአልጋው ሥር ተኝቼ እሰማለሁ። «እገዳው ጠንክሯል» ይላሉ። «እገዳው መቼም አይነሳም» ይላሉ። እኔ እገዳ የሰው ስም መሰለኝ። ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ግዙፍ፣ መንገድ ላይ ወንበር ዘርግቶ የተቀመጠና የእኛን ሴቶች እየለየ የሚያስቀር ሰው። ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይህ ሞኝነት ይበዛል ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ግን በር ተቆልፎበት የሚውል ልጅ ዓለምን የሚሠራው በጆሮው በሰማው ነው።

በዚያ ክረምት፣ እዚህ ሙቀቱ በሚብስበት ወቅት፣ የእናቴ ታናሽ እኅት ስንዱ መጣች። ኤጀንሲዎቹ ስለተዘጉ የመጣችው በጉብኝት ቪዛ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ቀን ቀን እናቴና ወርቄ ሥራ ሲሄዱ እኔና እሷ መስኮቱ ላይ ተደግፈን ጋራዦቹን እንመለከታለን።

«ቢኒ፣ ያ ቀዩ ሰሌዳ ምን ይላል?»

«ጎማ ይላል።»

«ያኛውስ?»

«ዘይት ይላል።»

ካላወቅሁት ከራሴ እፈጥርላታለሁ። ታምነኛለች። «እንዴት ያለህ ጎበዝ ነህ! እኔ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬ ምንም አላነብ» ትላለች። ከዚያ በፊት ማንም ሰው ሙሉ ቀን አብሮኝ ውሎ አያውቅም። ያ የክረምት ወር በልጅነቴ ብቻዬን ያልነበርኩበት ወር ነው።

ቪዛዋ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ወርቄ ወሬ ይዛ መጣች። ዱባይ ውስጥ፣ ሙሀይስና በሚባል ሰፈር፣ አንዲት ማዳም እዚሁ አገር ውስጥ ያለች ሠራተኛ ትፈልጋለች፤ ወረቀቷንም ራሷ ታስጨርሳለች። ነገር ግን ማዳሟ በማግሥቱ ከቀትር ሶላት በኋላ ለእረፍት ወደ ውጭ ትበራለች። ከዚያ በፊት በዓይኗ ያላየቻትን አትቀጥርም። ስንዱ በሰዓቱ ካልደረሰች ወይ ባዶ እጇን ወደ አገር ትመለሳለች፣ ወይ ቪዛዋ አልቆ ያለ ወረቀት ትቀራለች። ያለ ወረቀት መቅረት ምን እንደሆነ እኔ እንኳ አውቅ ነበር፤ ከወርቄ ጓደኞች አንዷ ከክፍሏ ሳትወጣ ዓመት ሞልቷት ነበር።

ወትሮ በግል መኪናው በክፍያ የሚያመላልሰን የካር ሊፍት ሾፌር ስልኩን ዘግቷል። እናቴን የምትሠራላት ማዳም እንግዳ አለብኝ ብላ ፈቃድ ከለከለቻት። ስለ ታክሲ ሾፌሮች ወርቄ የሰማችው ወሬ ሁሉንም አስፈራ፤ የፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ያወርዳሉ ተብሎ ነበር፤ እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም። የቀረው አውቶቡስ ነው። ከመካከላችን አውቶቡስ ተሳፍሮ የሚያውቅ አልነበረም።

«ቢኒ ያነባል» አለች ስንዱ። «ቢኒ ይወስደኛል።»

እናቴ ፊቴን አየችው። «ትችላለህ?»

«እችላለሁ» አልኩ።

ጠዋት ላይ የቦርሳ ነገር ተነሳ። ስንዱ ከአገር ይዛ የመጣችው ትንሽ ሻንጣ ነበራት። ወርቄ ገና ስታየው ጮኸች።

«ምን ልትሆኚ ነው? ሻንጣ ይዛ መንገድ ላይ የተገኘች ሐበሻ ከማዳሟ ቤት የጠፋች ናት! በዓይናቸው ነው የሚይዙሽ።»

«ታዲያ ልብሴስ?»

«ልበሺዋ!»

ለበሰችው። የቢጃማ ሱሪ፣ ከላዩ ጥጥ ቀሚስ፣ ከላዩ ሁለተኛ ቀሚስ፣ ከላዩ ለበዓል ያመጣችው ወፍራም ቀሚስ፣ በመጨረሻ የወርቄ ጥቁር ዓባያ። ክንዷ አልታጠፍ አለ። ወርቄ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ማዳም አንቺን ቀጥራ መንታ ልታሳድግ ነው!» ስንዱም አፏን ሸፍና ሳቀች። እናቴ ብቻ አልሳቀችም፤ ብርጭቆ ውሃ ይዛ ቆማ ነበር።

«ዛሬን እንኳ ጠጪ።»

ፍልሰታ ነበር። ስንዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም አትቀምስም። «እታለም፣ ዛሬማ ከሌላው ቀን ይልቅ ነው የምጾመው» አለች። «እመቤቴን የምለምናት ለዛሬ አይደል?»

እናቴ ብርጭቆውን አስቀመጠችና ወደ እኔ ዞረች። «ስማኝ። አብራችሁ አትቀመጡም። እሷ ከፊት ከሴቶቹ ጋር ትሆናለች፣ አንተ ከኋላ ከወንዶቹ ጋር። አማርኛ እንዳትናገሩ። ሻርጃ ጣቢያ ስትወርድ እያየችህ ትከተልሃለች። በጉብኝት ቪዛ ሥራ ትፈልጋለች ብሎ ፖሊስ ቢይዛትና ቢጠይቁህ አላውቃትም በል። አባትህን ሥራ እንዳታሳጣው። ገባህ?»

«ገባኝ።»

እዚህ ላይ ስለ እናቴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ይህን ያዘዘችኝ ክፋት ኖሯት አይደለም። ከሁለት የምትወዳቸው ሰዎች አንዱን ብቻ ማትረፍ ቢመጣ የቱን እንደምትመርጥ አስቀድማ ወስና ነበር። ትእዛዙም ለፖሊስ ነበር። ከፖሊስ ውጭ ላለ ሰው ምንም አላዘዘችኝም።

ከቤት የወጣነው አራት ሰዓት ላይ ነው። እኔ ከፊት፣ እሷ ሃያ እርምጃ ወደኋላ። አስፋልቱ በጫማዬ ሶል አልፎ ያቃጥለኛል። ፌርማታው የቆርቆሮ ጣሪያ ብቻ ነበረው፤ ጥላው ሥር ቀድመው የመጡ ወንዶች ተደርድረዋል። ስንዱ ለብቻዋ ከፀሐዩ ላይ ቆመች። አውቶቡሱ ዘገየ። በጣም ዘገየ። ወደ እሷ ላለማየት የመንገዱን መኪናዎች እቆጥር ነበር፤ ሁለት ጊዜ ግን አየኋት። መጀመሪያ በዓባያው ጫፍ ፊቷን ስትጠርግ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ መጥረጉን ትታዋለች።

አውቶቡሱ ሲመጣ ቁጥሩን አነበብኩና ጭንቅላቴን ነቀነቅሁላት። ሾፌሩ ጢሙ የነጣ ፓኪስታናዊ ነበር። ቲኬቴን ይዤ ወደኋላ አለፍኩ። ሴቶቹ የሚቀመጡበት የፊቱ ክፍል ሞልቶ ስለነበር ስንዱ ብረቱን ይዛ ቆመች። ከኋላ ማቀዝቀዣው ይነፍሳል፤ ከፊት ግን ፀሐዩ በትልቁ መስታወት ገብቶ ሴቶቹ ላይ ያርፋል።

በሚቀጥለው ፌርማታ አንድ ሰው ገባ። ከንዱራ የሚሉትን ረጅም ነጭ የዐረብ ቀሚስ የለበሰ፣ ግዙፍ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ። ከእኔ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ወንበሩ ጮኸ። እሱ ነው አልኩ። እገዳ መጣ። መነጽሩ ወዴት እንደሚያይ አያሳይም፤ ስለዚህ ሁሉንም የሚያይ መሰለኝ። እጆቼን ጭኖቼ መካከል ደበቅሁ። በልቤ «እንዳትዞሪ፣ ስንዱዬ፣ እንዳትዞሪ» እላለሁ። እሷ ዞረች። ዓይኗ እኔን እየፈለገ ነበር። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

መውደቋን አላየሁም፤ ሰማሁ። ከባድ ነገር ነበር፤ እንደ ጆንያ። ሴቶች ጮኹ። ያ መነጽር ያደረገ ሰው ከወንበሩ ብድግ ብሎ «ወቅፍ! ወቅፍ!» እያለ ወደፊት ሮጠ። አቁም ማለቱ ነው። እኔ ግን የያዛት መሰለኝ። አውቶቡሱ ዳር ይዞ ቆመ።

በሰዎቹ እግር መካከል ይታየኝ ነበር። አንዲት ህንዳዊት፣ ሆስፒታል የምትሠራ የምትመስል፣ ተንበርክካ የዓባያውን ቁልፍ ትፈታለች። ከሥሩ ቀሚስ ወጣ። ከቀሚሱ ሥር ሌላ ቀሚስ። ከዚያ ሥር ሌላ። ሴትዮዋ እጇን አቁማ ዙሪያዋን ተመለከተች። አንዲት ወጣት ሳቀችና ወዲያው ዝም አለች። መነጽር ያደረገው ሰው የራሱን የውሃ ጠርሙስ ከፍቶ ሰጠ። ህንዳዊቷ የስንዱን ራስ ቀና አድርጋ ጠርሙሱን አፏ ላይ አስጠጋች።

ስንዱ ከንፈሯን ገጠመች። ውሃው በአገጯ ፈሰሰ። እንደገና አስጠጉላት፤ እንደገና ገጠመች።

«ለምን አትጠጣም? ለምን?» ይላሉ በየቋንቋቸው። ያበደች መሰለቻቸው። በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ለምን እንደማትጠጣ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። በአማርኛ «ጠጪ፣ እመቤቴ ትረዳሻለች» የሚላት አንድ ሰው ብቻ ነበር። ያ ሰው የወንበሩን ጨርቅ በጥፍሩ ይቆረቁር ነበር።

ሾፌሩ በሰዎቹ መካከል አሻግሮ አየኝ። ፊቴ ይናገራል፤ የእኛ ፊት የትም አይደበቅም። ወደ እኔ መጣ። ቁጣ አልነበረበትም። የደከመ፣ የልጅ አባት ፊት ነበረው።

«ሐበሺ?»

ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ።

«ኢንታ መዓሉም ሃዳ?» ታውቃታለህ ወይ ማለቱ ነው።

«ላ» አልኩ። አላውቃትም።

ድምፄ ጥርት ብሎ ወጣ። ስንዱ ዓይኗን ገልጣ ነበር። ሰማችኝ።

ሾፌሩ ስልኩን አወጣ። አምቡላንስ ልጥራ አለ። ይህን ቃል ስትሰማ ስንዱ በክርኗ ተደግፋ ተነሳች። «ኸላስ፣ ኸላስ! ማፊ ሙሽኪላ!» አለች፤ በቃ፣ ምንም ችግር የለም ማለቷ ነው፤ የምታውቀው ዐረብኛ ይኸው ነው። ህንዳዊቷ ልትይዛት ሞከረች። ስንዱ ግን ዓባያዋን እየሰበሰበች፣ በሩን በመዳፏ እየመታች፣ ክፈቱልኝ ትላለች። ሾፌሩ ከፈተላት። ጥቂት ሜትር ራቅ ብሎ መስጊድ ነበር። ወደዚያ እየተንገዳገደች ስትሄድ በመስኮቱ አየኋት። በሩ ተዘጋ። አውቶቡሱ ሄደ። እኔም አብሬው ሄድኩ።

ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። መነጽር ያደረገው ሰው ተመልሶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠና መነጽሩን አወለቀ። ዓይኑ ያነባ ነበር፤ ታማሚ ዓይን። መሐረብ አውጥቶ ጠረገው። ተራ ሽማግሌ ነበር። ለዓይን ሕክምና የሚሄድ ይመስለኛል። አንዳች ነገር በዐረብኛ አጉረመረመ፤ «ምስኪን» የምትለዋን ብቻ ለየሁ። ስለ እሷ ይሁን ስለ እኔ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የማሳብብበት ፍርሃት በአንድ ጊዜ ከእጄ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ የቀረው እኔ ብቻ ነበርኩ።

በሚቀጥለው ፌርማታ ወርጄ ወደኋላ ሮጥኩ። መንገዱ ረጅም ነበር። የእግረኛ መንገድ አልነበረም፤ የጭነት መኪናዎች ነፋስ ወደ አጥሩ ይገፋኛል። ከሞተችስ? ከወሰዷትስ? ለእናቴ ምን እላለሁ? እውነቱን ልናገር፤ ስሮጥ አብዝቼ ያሰብኩት ይህን የመጨረሻውን ነው።

መስጊዱ አጥር ላይ ለመንገደኛ የተተከለ የውሃ ማቀዝቀዣ ነበር። ስንዱ ከሥሩ፣ ጥላው ላይ ተቀምጣለች። ከቀሚሶቹ ሁለቱን አውልቃ ጭኗ ላይ አጥፋቸዋለች። ፀጉሯ ርሷል። አጠገቧ ደርሼ ቆምኩ። ትንፋሼ አልመለስ አለኝ።

ቀና ብላ አየችኝ። «አንተ ልጅ፣ የማን ነህ? አላውቅህም» አለች።

አለቀስኩ። አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች፤ ሳቋ ግን አላለቀም፣ መሃል ላይ ተቆረጠ። እጄን ስባ አስቀመጠችኝ።

«ጠጣሁ፣ ቢኒ» አለች። «ጾሜን አፈረስኩ። እሷን እየለመንኩ እሷኑ ከዳሁ።»

በእኔ ላይ ልትቆጣ ስትችል በራሷ ላይ ነበር የምትቆጣው። ያኔ «እኔ ነኝ የከዳሁ» ማለት ነበረብኝ። የለቅሶዬን ምክንያት እንደፈለገች እንድትተረጉመው ተውኩት።

ቀጣዩን አውቶቡስ አብረን ተሳፈርን። ከሻርጃ ጣቢያ ሌላ ይዘን ዱባይ ገባን፤ ሙሀይስና ስንደርስ የቀትሩ አዛን አብቅቷል። የማዳሟ መኪና በሩ ላይ ሞተሩ እየሠራ፣ ሻንጣዎች እየተጫኑ ነበር። ማዳሟ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ክንዷ ላይ የያዘቻቸውን ቀሚሶችም አየች።

«ይኸው ነው ዕቃሽ?»

እኔ አስተረጎምኩ። ስንዱ አዎ አለች።

«አንተስ ምኗ ነህ?»

«ኻለቲ» አልኩ። አክስቴ ናት።

ያን ጊዜ ማለት ቀላል ነበር። ምንም አያስፈራም ነበር። ሰው እውነት ሲናገር መቼ እንደተናገረው ማየት ያስፈልጋል፤ ይህን የተማርኩት በዚያ በር ላይ ነው። ማዳሟ ለአንዲት ፊሊፒናዊት ሠራተኛዋ አስረከበቻት፤ ለእኔም ሾፌሯ ሲመለስ ቤቴ እንዲያደርሰኝ አዘዘች። ስንዱ ሳትስመኝ ገባች። በሩ ብረት ነበር።

ማታ የመግሪብ አዛን እያለ የእናቴ ስልክ ጮኸ። ስንዱ ነበረች፤ የፊሊፒናዊቷን ስልክ ተውሳ። እናቴ ድምፁን ከፍ አድርጋ አልጋው ላይ አስቀመጠችው፤ ወርቄም መጋረጃውን ገልጣ መጣች።

«እታለም፣ ልጅሽ ወንድ ነው!» አለች ስንዱ። «መንገድ ላይ ደክሞኝ ስወድቅ ከአውቶቡስ አወረደኝ። ጥላ ፈለገልኝ። ውሃ አጠጣኝ። እሱ ባይኖር እኔ አልነበርኩም።»

እናቴ ግንባሬን ሳመችኝ። ወርቄ እልል አለች። «አዋቂው!» አለችኝ። እናቴ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ።

«ቢኒ፣ በላህ?»

«በላሁ።»

«እኔም ሩዝ ሰጥተውኛል። ለእናትህ ያልኳትን ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እንደዚያ ነው የሆነው። እሺ?»

«እሺ» አልኩ።

እናቴ ታሪኩን ለአባቴ ነገረችው፤ ጁምዓ ቤተ ክርስቲያን ላገኘቻቸው ሴቶች ሁሉ ነገረቻቸው። አጠገቧ ቆሜ ነበር። እጄን ይዛኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አላረምኳትም። አሁን ዓይኗ ቢደክምም በመነጽር ታነባለች፤ እኔ የጻፍኩትን ደግሞ ከማንም ቀድማ ነው የምታነበው። ይህንንም ታነበዋለች።